ማርስን ፍለጋ እስከ አጋሮ

ጅማ ሳልሄድ በፊት ስለ ጅማ እንደ ልቤ አወራ ነበር። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ አድጌአለሁ፣ ማሯን በልቻለሁ፣ ቡናዋንማ ተዉት። ስለ ማርስም እንዲሁ ነኝ። እግሬ ረግጧት አያውቅም፤ ስለ አየሯ ሳወራ ግን ግቢ የምንጋራ ነው የሚመስለው። ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ላላያችሁት ነው። ጅማን አሁን አይቻታለሁ፤ ማርስን በተመለከተ ግን ከእናንተ አልሻልም።

ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳ። ታክሲ ውስጥ ስናገር ሰው ስለሚስቅ ብዙ ጊዜ “አስተማሪ ነኝ” ብዬ አልፈዋለሁ፤ እሱም እውነት ነው። ማርስን የምትዞር መንኮራኩር አለች። ፀሐይ ከፕላኔቷ ጠርዝ ስትጠልቅ የመንኮራኩሯ መሣሪያ ብርሃኑን በስሱ የማርስ አየር አሻግሮ ያያል። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ ላይ የራሱን ድርሻ ያስቀራል። እኔ ታዲያ አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የጎደለውን አያለሁ፤ ከጎደለውም ተነስቼ ጋዙን አሰላለሁ። ስፈልገው የኖርኩት ሚቴንን ነው። እኛ ምድር ላይ ረግረግና የከብት ሆድ የሚያወጡት ጋዝ ነውና ማርስ ላይ ቅንጣት ታህል ከተገኘ ዓለም ጆሮውን ያቆማል። እኔም በሦስተኛው ዓመት አገኘሁት። ብርሃኑን የሚያሳየው መስመር ላይ አንዲት ስርጉድ፣ ልክ ሚቴን በሚኖርበት ቦታ!

የዶክትሬት ትምህርቴ በዚህች ስርጉድ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለ እሷ የጻፍኩት ጽሑፍ እስከ ሐሙስ ለሳይንስ መጽሔት ካልተላከ የዘንድሮ ምረቃ ይቀራል። እንዲላክ ደግሞ ስሌቱን አብራኝ የሠራችው ነጃት መስማማት ነበረባት። ነጃት ለመውለድ ጅማ እናት አባቷ ቤት ገብታለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኢሜይል ብልክ መልስ የለም፤ ስደውል እናቷ ያነሱና “ተኝታለች” ይሉኛል። ሄጄ ፊቷ ከመቆም በቀር ምን ምርጫ ነበረኝ?

ለነጃት ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። መሣሪያው የማርስን አየር ከማየቱ በፊት ሁልጊዜ ባዶውን ሰማይ ያያል፤ አየር በሌለበት በኩል ፀሐይን ብቻ። እዚያ ምንም ጋዝ መታየት የለበትም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የተወሰደ ንጹህ ባዶ ነበረኝና ለሁሉም ዓመት እሱን ተጠቀምኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እጄ ሳያርፍ ከኋለኞቹ ባዶዎች አንዱን ከፈትኩት። ስርጉዷ እዚያም አለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን አለች። “የመሣሪያ ጫጫታ ነው፣ ትርጉም የለውም” ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ አልከፈትኩትም።

ሰኞ

ባለቤቴ “ለአራስ የሕፃን ልብስና ሳሙና ውሰድ” ብላኝ ነበር። እኔ ግን ዐዋቂ ነኝና ሽቶ ገዛሁ። ሻጩ “የያስሚን አበባ ነው፣ ጠብታው ሳምንት ይቆያል” አለኝ። አልዋሸም።

አውቶቡሱ “አሥራ ሁለት ሰዓት በትክክል” ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ለቁርስ ቆምን። እኔ ፍርፍሬን ስበላ ረዳቱ ከወንበሬ አጠገብ ያኖርኩት ሻንጣዬ ላይ የበቆሎ ጆንያ ጫነበት። ይህን ያወቅሁት የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር አውቶቡሱ በሙሉ ያስሚን ያስሚን ማለት ጀመረ።

ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን “ሙሽራ ጭነናል እንዴ?” አለ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ እኔ ተጠግተው አሸተቱኝ። “ይሄ ነው ሙሽራው!” ብለው አጋለጡኝ። ሻንጣዬን ብከፍት የሽቶው ጠርሙስ ተሰብሯል፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ጃኬቴ፣ ሁሉም ርሰዋል። እስከ ሶኮሩ ድረስ መጫወቻ ሆንኩ። አንዱ የሙሽራይቱን ስም ይጠይቃል፣ ሌላው ሚዜ ልሁን ይላል። እኔም አብሬአቸው ሳቅሁ።

ከግቤ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ ከባሕር ዛፍ ሌላ ዛፍ ከበቀለ ሰው ተጠራርቶ ያየዋል። እዚህ ግን አጥሩም ያቆጠቁጣል። አሰንዳቦን፣ ሰርቦን እያልን ጅማ ስንገባ ዝናቡ ተቀበለን። እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ አስታውቆ፣ አጉረምርሞ ነው፤ የጅማው ግን እንደ ቤተሰብ ሳያንኳኳ ይገባል።

ቦሳ አዲስ ሰፈር አንዲት ትንሽ ሆቴል አገኘሁ። ባለቤቷ ክፍሌን ልታሳየኝ ገብታ ወዲያው መስኮቱን ከፈተችው።

“ወንድሜ፣ ሰው ትጠብቃለህ እንዴ?” አለችኝ።

ጉዴን ስነግራት ከት ብላ ሳቀችና ልብሴን በሙሉ ሰብስባ ወሰደች። በሳሙና አጥባ፣ ከሰል ዳር ስታደርቅልኝ አመሸች። ራት ስበላ የለበስኩት የእሷን ጋቢ ነበር። ለእጥበቱ አንድ ሳንቲም አልቀበልም አለች። “እንግዳ ነህ፣ ደግሞ አስቀኸኛል” አለችኝ።

ማክሰኞ

ሸሚዞቹ ደህና ሆነዋል፤ ጃኬቱ ግን እንደ ትናንቱ ነው። ብርድ የለመደ ሰው ያለ ጃኬት አይወጣምና ደርቤው ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የነጃትን አባት ቤት ጠየቅሁ። “አባ ራያ ቀማሹ?” ብለው ሦስት ሰዎች በአንዴ መሩኝ። አባ ራያ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲቀምሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሊጠጡት ሳይሆን ሊፈርዱበት፤ ይሄ አንደኛ ደረጃ፣ ይሄ ሁለተኛ ይሉታል። ጡረታ ቢወጡም ክርክር ሲነሳ ዛሬም ይጠራሉ።

በሩን የከፈቱልኝ የነጃት እናት እማ ዘሃራ ናቸው። “በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ!” ብለው እጃቸውን ሊዘረጉልኝ ሲሉ በመሃል ቆሙ።

“ሽቶ ነው?”

“አዎ እማማ፣ በስህተት…”

“ወላሂ አትገባም! አራስ ቤት በሽቶ? ልጁን ምች ሊመታብኝ ነው?”

እናቴም እንዲሁ ትል ነበር። ደብረ ብርሃንና ጅማ በምች ጉዳይ ልዩነት የላቸውም። ጃኬቴ በረንዳ ላይ ቀረ። ሸሚዜም ተጠርጥሮ በአባ ራያ ሸሚዝ ተተካ። ሱሪዬም አልተማረም፤ በእሱ ፈንታ ሽርጥ ታጠቅሁ። እንዲህ ሆኜ፣ ሽርጤን በአንድ እጄ ይዤ፣ ነጃት ፊት ቀረብኩ።

“ጌች! ሰለምክ እንዴ?” ብላ እስክትታመም ሳቀች።

እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ አልኳት። ልጁን አሳየችኝ፤ እንደ ሁሉም አራስ ልጅ በዓለሙ ላይ የተቆጣ ፊት አለው። እማ ዘሃራ ማርቃ አመጡልኝ። እኛ ገንፎ የምንለው ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ቅቤ ግን የእኛን ሦስት ጊዜ ያህላል። “ብላ! ማርስ ላይ ምግብ የለም አሉ” ይሉኛል እየደጋገሙ። ልጃቸው የምትሠራውን ለጎረቤት የሚያስረዱት እንዲህ ነው፦ ነጃት የሰማይ ጭስ ትቆጥራለች።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን መሆኑን፣ የእሷ አንድ “እሺ” ብቻ እንደቀረ ነገርኳት። ጽሑፉን ተቀብላ አገላበጠችው።

“የኋለኞቹን ዓመታት ባዶ ሰማይ አይተኸዋል?” አለች።

“አዎ” አልኩ።

“ንጹህ ነው?”

“ንጹህ ነው።”

እንዲሁ፣ በአባቷ ሽርጥ ውስጥ ሆኜ፣ በእናቷ ቅቤ የወዛ አፌን ይዤ ዋሸኋት። ነጃት ግን ልጁን እያወዛወዘች “እሺ፣ አንድ ቀን ስጠኝና ላንብበው” አለች። “ነገ አባዬ ለቅምሻ አጋሮ ይሄዳል። እዚህ ተቀምጠህ ፊት ፊቴን ከምታየኝ አብረኸው ሂድ።”

ረቡዕ

አባ ራያ ለቅምሻ ሲሄዱ ሦስት ቀን ቀድመው ነጭ ሽንኩርትም ሚጥሚጣም አይነኩም። በዚያ ጠዋት አፋቸውን የተጉመጠመጡት በውኃ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ላይ ታዲያ እኔን የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮት ከፍተው አስቀመጡኝ።

“ጃኬትህ ከእኛ ቀድሞ አጋሮ ይገባል” አሉኝ።

መንገዱ ግራ ቀኙ ቡና ነው፤ ዝናቡም አልተለየንም። አጋሮ ስንደርስ ቅምሻው ቤት ደጃፍ ላይ ጀማል የሚባል የጌራ ገበሬ ይጠብቀናል። ቡናውን አንድ ቀማሽ አንደኛ ደረጃ ብሎለታል፣ ሌላው ሁለተኛ። ፍርዱ አባ ራያ ጋ ቀርቷል። ጀማል እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ሰላም አላቸው፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

“አንተ ጃኬትህን ወዲያ አድርግ” አሉኝ አባ ራያ። ወዲያ ማለት ውጭ ማለታቸው ነበር። ውጭ ግን ዝናብ ነው፤ ጃኬቱ ደግሞ ገና መድረቁ ነው፤ አሳዘነኝ። በጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘሁ። ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፣ ከሥሩ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ መደርደሪያ። ሰቅዬው ወጣሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅምሻው ተጀመረ። ሰሚራ የምትባል ወጣት ቀማሽ ሲኒዎቹን ከጓሮ አምጥታ ደረደረች፤ የተፈጨውን ቡና ጨመረች፣ የፈላ ውኃ ሞላችበት። ጥቂት ጠብቀው እሷና አባ ራያ በማንኪያ እየጨለፉ ይምጉ ጀመር። ድምፁን ብትሰሙት! እኛ ቤት እንደዚያ ብምግ እናቴ በማማሰያ ነበር የምትለኝ። ማግ ያደርጉታል፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉታል፣ ከዚያ እንትፍ። ያን የመሰለ ቡና!

ሰሚራ ድንገት ቀና አለች። ደግማ አሸተተች።

“አባ ራያ፣ አበባ አለው! ያስሚን ነው እኮ! ወላሂ ንጹህ ያስሚን!”

“አልሐምዱሊላህ! እኔስ ምን አልኩ?” አለ ጀማል ከበሩ። አጠገቡ የቆሙት ገበሬዎች ትከሻውን ይመቱታል። የአበባ ሽታ ያለው ቡና ያለ ክርክር አንደኛ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ፤ ምን አውቄ!

አባ ራያ ግን አልሳቁም። “ባዶ ሲኒ አምጪልኝ” አሉ።

ሰሚራ አንዱን ሰጠቻቸው። አፍንጫቸውን አስገብተው ቆዩና መልሰው ሰጧት። እሷም አሸተተች፤ ፊቷ ክስም አለ። አባ ራያ ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ጃኬቴን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለዋል።

“ይኸው ያስሚናችሁ” አሉ።

በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ለካ የታጠቡት ሲኒዎች ናቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጀማል ብቻ አልሳቀም።

ሲኒዎቹ በፈላ ውኃ ተቀቀሉ፣ ነፋስ ላይ ቆዩ፣ ቅምሻው እንደገና ሆነ። አበባው የለም። “ጥሩ ቡና ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ይጣፍጣል” አሉ አባ ራያ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩት፣ “ግን ሁለተኛ ነው።” ጀማል ወደ እኔ ዞረ። ይመታኛል ብዬ ነበር።

“ለከርሞ ጃኬትህን ይዘህ ና። ግን ማንም ሳያይህ” አለኝ።

ይባስ ብሎ ምሳ ጋበዘን። እኔ ልክፈል ብል እጄን ያዘ። ጥብሱ ጥሩ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን ጀማልን ጀማልን እያየሁ አላጣጣምኩትም።

ስንመለስ አባ ራያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጃኬቱ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ነበር።

“አባ ራያ፣ ሲኒዎቹን ቀድመው አላሸተቷቸውም ነበር?” አልኳቸው።

“ስንደርስ አሽትቻቸዋለሁ፣ ንጹሕ ነበሩ። ጃኬትህ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።”

“ታዲያ እንዴት ደግመው ማሽተት መጣልዎት?”

“ደስ ስላለን ነዋ” አሉ። “ቡናው መጥፎ ሲሸት ሲኒው ይሆናል ብሎ የማይጠረጥር የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ሲኒ ይቀየርልኝ ይላል። የተመኘኸው ሽታ ሲመጣ ግን ማን ሲኒ ያያል? እኔ ደስ ሲለኝ ነው የምፈራው።”

ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መንገዱንም ቡናውንም አላየሁም። አንድ ንጹሕ ባዶ ይዤ ሦስት ዓመት ሙሉ መቀመጤ፣ ያንን ፋይል በዘጋሁበት ቅጽበት የተሰማኝ ፍርሃት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ተደቀኑ። አፈርኩ። ጀማል እንኳ ፍርዱን ቆሞ ሰማ፤ እኔ እኮ ዳኛዬን፣ ነጃትን ነው ያታለልኩት።

ሄርማታ ስንደርስ ገና አሥር ሰዓት ነበር። ነጃት በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታም ሳልሰጥ ጀመርኩ።

“ነጃት፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ። የኋለኛውን ባዶ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ስርጉዷ እዚያም አለች።”

ልጁን ለእናቷ ሰጠችና “ላፕቶፑን አምጣው” አለች።

ባዶዎቹን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ስርጉዷ በመጀመሪያው ዓመት የለችም፤ በሁለተኛው ብቅ አለች፣ በሦስተኛው ደለበች። መሣሪያው ሲያረጅ ያመጣው የራሱ ጉድለት ነው። ነጃት እያንዳንዱን ቀን በራሱ ባዶ አስተካክላ ስሌቱን ደገመችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ማርስ ላይ ያገኘሁት ጋዝ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ ግን አለቀስኩ።

እማ ዘሃራ ደንግጠው ከጓዳ ወጡ። “ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም እማዬ” አለች ነጃት። “አንድ ጋዝ ነው።”

ሐሙስ

ጠዋት ላይ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ሦስት ዓመት ያማከሩኝ፣ ለውጤቱ ከእኔ በላይ የጓጉ ሽማግሌ ናቸው። አንድም ሳልደብቅ፣ ከዘጋሁት ፋይል እስከ ጃኬቴ ድረስ ነገርኳቸው።

“ባዶውን እየደጋገምክ እይ ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነበርኩ?” አሉኝ።

“አዎ ፕሮፌሰር።”

“ምረቃህ ለከርሞ ነው እንግዲህ። የመሣሪያውን ጉድለት ጻፉት፤ ሌሎችም በሱ እየተሸወዱ ይሆናል።” ከዚያም፣ ድምፃቸው ትንሽ ሰበር ብሎ፣ “እኔም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ” አሉና ዘጉ። ይህ ከቁጣ ይብስ ነበር።

ከመሳፈሬ በፊት ልሰናበት ወደ ሄርማታ ተመለስኩ። ነጃት ልጁን አስተኝታ አዲሱን ጽሑፍ ጀምራዋለች። የሆዴን ጠየቅኋት።

“ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?”

“ያንን ባዶ መክፈትህን ስላየሁ። የከፈትክበት ቀን ከነስምህ ፋይሉ ላይ ተመዝግቧል እኮ፤ ልወልድ ሰሞን ነው ያየሁት።”

“ታዲያ በኢሜይል አትጠይቂኝም ነበር?”

“በኢሜይል ብጠይቅህ በኢሜይል ትዋሸኝ ነበር። የጻፍከውን ውሸት ደግሞ ስትከላከል ትኖራለህ። ፊት ለፊት ስትዋሸኝ ግን ዓይንህ ጣራ ለጣራ ሲዞር አየሁና አንድ ቀን ሰጠሁህ።”

“ባልነግርሽስ ኖሮ?”

“አልፈርምም ነበራ። ሌላ አብሮኝ የሚሠራ ሰው እፈልግ ነበር።” እንባዋ ሲመጣ ቶሎ ጠረገችው። “እሱ ነው ሦስት ሳምንት ያስጨነቀኝ። ጋዙማ ገደል ይግባ።”

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከርዕሱ ሥር፣ የዋናው ጸሐፊ ስም በሚሰፍርበት፣ ስሟን ጻፈች፤ ከስሜ በፊት።